የእንስሳ ቅርጽ ያለው ነፋስ ጠቋሚ ለቤትና ለግቢ፦ አዳማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣሪያቸው ወይም ግቢያቸው ላይ የሚዞር ዶሮ፣ ፈረስ ወይም ሳላ ማቆም የሚፈልጉ የአዳማ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

ነፋስ ጠቋሚ ምንድን ነው?

ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እየዞረ የሚያሳይ ቀላል መሣሪያ ነው። ከታች የማይነቃነቅ ዘንግ አለ። ዘንጉ ላይ አራቱን አቅጣጫዎች የሚያሳዩ ክንዶች ይበየዳሉ፤ እነሱም አይዞሩም። ከላይ ከላሜራ የተቆረጠ እንስሳ ይቀመጣል። የሚዞረው እሱ ብቻ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ባትሪ አይፈልግም።

ጌጥ ነው ወይስ መሣሪያ? ሁለቱንም ነው። ግን በትክክል የማይዞር ከሆነ ጣሪያ ላይ ማውጣቱ ምንም አይጠቅምም። የብረት ጌጥ ከተፈለገ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሞልቷል። ይሄኛው የሚያምረው ነፋሱን ሲታዘዝ ነው። ስለዚህ ከታች መልኩን ከማሳመር ይልቅ በደንብ እንዲዞር ማድረጉ ላይ ብዙ ጊዜ ወስጃለሁ።

የእንስሳው አፍንጫ የሚያሳየው ነፋሱ የሚመጣበትን ነው ወይስ የሚሄድበትን?

የሚመጣበትን። ፈረሱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ካዞረ ነፋሱ ከምሥራቅ እየመጣ ነው። የጭራው በኩል ሰፊ ስለሆነ ነፋሱ ገፍቶ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ አፍንጫው ነፋሱን ይጋፈጣል። የአየር ትንበያ ላይ «የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ» ሲባልም ከሰሜን ምሥራቅ የተነሳ ማለት ነው፤ ነፋስ የሚጠራው በመነሻው ነው።

ለምንድን ነው ብዙ ጊዜ ዶሮ የሚሆነው?

ነገሩ ከዶሮ በፊት ነው የጀመረው። አቴንስ ውስጥ «የነፋሳት ማማ» የሚባል ስምንት ጎን ያለው የእብነ በረድ ሕንፃ አለ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ ዛሬም ቆሟል። አናቱ ላይ የሚዞር የነሐስ ትሪቶን ነበረበት። ትሪቶን በግሪኮች ተረት ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ዓሣ የሆነ የባሕር አምላክ ነው። በእጁ የያዘው በትር ነፋሱ የሚመጣበትን ጎን ያሳይ ነበር።

ዶሮው የመጣው ከወንጌል ነው። ጌታ ለጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮህ ሦስት ጊዜ እንደሚክደው ነገረው፤ ዶሮ ሲጮህም ጴጥሮስ ምርር ብሎ አለቀሰ። የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ዶሮን የንቃትና የንስሐ ምልክት አድርገው ጣሪያቸው ላይ አወጡት። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮም ጳጳስ የነበሩት ሊዮ አራተኛ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ላይ የዶሮ ምስል አስቀምጠዋል። እስከ ዛሬ ከተረፉት የዶሮ ጠቋሚዎች ሁሉ ጥንታዊ የሚባለውም የዚያው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ጣሊያን ውስጥ ብሬሺያ ከተማ ሙዚየም ይገኛል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ደግሞ ዶሮው ከቤተ ክርስቲያን ወርዶ የገበሬ ጎተራና የመኖሪያ ቤት ላይ ወጣ።

ሌሎች እንስሳትም ቦታ አግኝተዋል። አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ፋኑይል አዳራሽ ላይ ያለው ፌንጣ ከመዳብ ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1742 የሠራው ሼም ድራውን የሚባል ባለሙያ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1787 ማውንት ቨርነን ለሚገኘው ቤታቸው ያዘዙት የወይራ ቅጠል በአፏ የያዘች እርግብ ነው። ከረጅም ጦርነት የወጣ ሰው ቤቱ አናት ላይ የሰላም ወፍ ማስቀመጡ ደስ ይለኛል። ዶሮ ግዴታ እንዳልሆነም ያሳያል።

የኛን አገር እንስሳ ማድረግ ይቻላል? የትኛው ያምራል?

ይቻላል፤ እንዲያውም ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ዶሮ ገልብጦ ከማስቆረጥ በዓይናችን የምናውቀውን ብንሠራ ሰፈሩም ያውቀዋል፣ ልጆችም ስሙን ይጠሩታል። ሲመረጥ ግን መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። ጠቋሚ ከሩቅ የሚታየው እንደ ጥላ ነው። ዓይኑ፣ ፀጉሩ፣ ቀለሙ አይታይም። የሚታየው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። ስለዚህ በጎኑ ሲታይ ወዲያው የሚለይ፣ ከፊቱ ይልቅ የኋላው ሰፋ የሚል እንስሳ ተመራጭ ነው።

ለእኔ አንደኛው ሳላ ነው። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከኛ ሩቅ አይደለም፤ ብዙ የአዳማ ሰው ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር ሲሄድ ያልፍበታል። የሳላ ቀንድ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው። ራሱ አቅጣጫ የሚያሳይ ይመስላል። ቀይ ቀበሮም በጣም ይመቻል፤ ጭራው ለምለም ስለሆነ ነፋሱ የሚይዘው ቦታ ያገኛል። የዋልያ ቀንድ ወደ ኋላ ስለሚቆለመም ከየትም ይለያል። ፈረስ ደግሞ ለአዳማ ልጅ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ጋሪ ከተማችን ውስጥ ስንት ሰው አመላልሷል! ጋማውና ጭራው ወደ ኋላ እየበረረ ሲጋልብ ቢሠራ፣ ነፋስ ባይኖርም ነፋስ ያለ ይመስላል።

ዓሣ በጣም ቀላሉ ነው። የቆቃ ቆሮሶ ሰውነቱ ሰፊ፣ ጭራው ግልጽ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ በያጅ ከዓሣ መጀመር ይሻላል። ሐዋሳ ላሉ ዘመዶቻችሁ ስጦታ ከሆነ አባ ኮዳ አስቡበት፤ ያ ትልቅ ምንቃር ከሐይቁ ዳር እስከ አሞራ ገደል ማንም አያጣውም። ግን ምንቃሩ ፊት ስለሚከብድና ስለሚሰፋ የኋላ ክንፉን ገልጦ መሥራት ያስፈልጋል። ጉማሬና ዝሆን አስቸጋሪ ናቸው። ፊታቸውም ኋላቸውም እኩል ነው፤ ነፋሱ የትኛውን እንደሚገፋ አያውቅም። የግድ ከተፈለጉ ረጅም ቀስት ላይ ይቁሙና ጠቋሚነቱን ቀስቱ ይሥራላቸው።

ጎረቤት ምን ይላል? ከእምነት ጋርስ አይጋጭም?

ሰው የሚያሳስበው ነገር ነው፤ ተገቢም ነው። ጣሪያ ላይ ዶሮ ሲታይ ከባዕድ አምልኮ ጋር የሚያገናኘው ሰው አለ። የነፋስ ጠቋሚው ዶሮ ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም፤ ከላይ እንዳልኩት መነሻው የጴጥሮስ ንስሐ ነው። ቢሆንም ከመውጣቱ በፊት ለጎረቤት «እንዲህ ያለ ነገር ልሠራ ነው» ማለት ብዙ ወሬ ያስቀራል። ቤት አናት ላይ አንድ ነገር ማስቀመጥ ራሱ ለእኛ አዲስ አይደለም። የሣር ቤት ጫፍ ላይ ውኃ እንዳያስገባ የሸክላ ጉልላት ይደፋል፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሰጎን እንቁላል ይታያል።

ሙስሊም ቤተሰቦች ውስጥ የሕያው ፍጡር ምስል ቤት ላይ ማድረግን የማይወዱ አሉ። ለእነሱ እንስሳውን መተው ይቀላል። ቀስት፣ ጀልባ፣ የዘንባባ ዝንጣፊ ወይም ጀበና ሊሆን ይችላል። አሠራሩ አንድ ነው።

ወፎችን ያባርራል?

አያባርርም። መጀመሪያ ይሸሹታል፤ ሲለምዱት እላዩ ላይ ያርፋሉ። እርግብ ጭራው ላይ ካረፈች ጠቋሚው ለጊዜው ይሳሳታል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። ማሽላ ወይም አትክልት ከወፍ ለመጠበቅ ካሰባችሁት ሌላ መላ ፈልጉ።

አዳማ ውስጥ የት ይሠራል? በያጁን ምን ብዬ ላናግረው?

በርና መስኮት የሚሠራ ማንኛውም ብረታ ብረት ቤት ይሠራዋል። ልዩ ማሽን አይፈልግም። በፕላዝማ የሚቆርጥ ቤት ካገኛችሁ ጠርዙ ንጹሕ ይሆናል፤ ካልተገኘ በግራይንደርና በሞረድ ይወጣል። ዋናው ነገር ሥዕሉን ራሳችሁ ይዛችሁ መሄድ ነው። ካርቶን ላይ በእውነተኛ መጠኑ ሣሉት፣ በመቀስ ቁረጡት፣ ግቢ ውስጥ በእንጨት ሰቅላችሁ ከሩቅ እዩት። ከበሩ ላይ ሆናችሁ ምን እንደሆነ ካልለያችሁት ብረት ሆኖም አይለይም። ለመኖሪያ ቤት ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል።

ላሜራው ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ጥሩ ነው። ከዚያ ከሳሳ አዳማ ነፋስ ላይ ይርገበገባል፣ ድምፅ ያወጣል። ከወፈረ ደግሞ ይከብዳል፤ ቀለል ያለ ነፋስ አያነቃንቀውም። ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ዝገቱ ይፋቅ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ ከዚያ በላይ ቀለም ይደረብ። ጥቁር ቀለም ሰማዩ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ ወይም ቱቦ ካመጣችሁ በያጁን አስጠንቅቁት። ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ይመርዛል፤ በዚያው ዕለት እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። የሚበየደው ቦታ ላይ ያለው ዚንክ አስቀድሞ በግራይንደር ይነሳ፣ ሥራው አየር በሚያገኝ ቦታ ይሁን፣ በያጁም ለጭስ የሚሆን ጭንብል ያድርግ። ብዙ በያጆች ወተት ጠጥተው ይገባሉ። ወተት ከሳንባ ጭስ አያወጣም። ለጌጥ ብለን የሰው ጤና እንዳንጎዳ።

አሠርቼው ዝም ብሎ ይቆማል፤ ነፋስ እያለ አይዞርም። ምን ጎደለው?

ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ነው። መጀመሪያ መዞሪያውን እዩት። ቱቦ በቱቦ ውስጥ ብቻ ከተደረገ ብረት በብረት ይፋተግና ይዝጋል። ጥሩው መላ እንዲህ ነው፦ ከታች ድፍን ዘንግ ይቆማል፣ አናቱ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ይሠራና የኩሽኔታ ብይ ይቀመጥበታል። እንስሳው የተበየደበት ቱቦ አናቱ ተደፍኖ ከላይ ይደፋበታል። ክብደቱ ሁሉ ብዩ ላይ ስለሚያርፍ በጣት ሲነኩት ይዞራል። አፉ ወደ ታች ስለሆነ ዝናብም አቧራም አይገባበትም። የሚደፋው ቱቦ ርዝመት ከ20 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ ይወላገዳል። ሙሉ ኩሽኔታ ማስገባትም ይቻላል። 6202 የሚባለው የተለመደ ቁጥር ነው፤ ውስጡ 15 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይቀበላል፣ ውጪው 35 ሚሊ ሜትር ነው። ግን ኩሽኔታው ከዝናብ መሸፈን አለበት።

መዞሪያው ጥሩ ሆኖም አልታዘዝ ካለ ችግሩ ሚዛን ነው። ሁለት ሕግ አለ፣ ሁለቱም እኩል መጠበቅ አለባቸው። ክብደቱ ከዘንጉ ፊትና ኋላ እኩል መመዘን አለበት። ነፋስ የሚያርፍበት ስፋት ግን ከዘንጉ ኋላ መብዛት አለበት። ክብደቱ ካልተመጣጠነ ዘንጉ ትንሽ ዘመም ባለ ቁጥር ከባዱ ጎን ወደ ታች ይጎተታል፤ እንስሳው ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰፈር እያየ ይቀራል። ስፋቱ ካልተለያየ ደግሞ ነፋሱ ሁለቱንም ጎን እኩል ይገፋል፤ መዞር የሚያስችል ጉልበት አይኖርም።

አሁን አስቸጋሪውን ነገር ልብ በሉ። እንስሳው ከወጥ ላሜራ ከተቆረጠ ስፋቱ ያለበት ቦታ ክብደቱም እዚያው አለ። ብረቱን ሚዛን በሚጠብቅበት ነጥብ ላይ ብትተክሉት የፊቱና የኋላው የመግፋት አቅም እኩል ይሆናል፤ ስለዚህ አይታዘዝም። ዘንጉን ወደ ፊት ብትወስዱት ስፋቱ ይስተካከላል፣ ሚዛኑ ግን ይፈርሳል። መፍትሔው ፊት ላይ ትንሽ ግን ከባድ ነገር መጨመር ነው። ከአፍንጫው በታች ወደ ፊት የሚወጣ ቀጭን ዘንግ ይበየድና ጫፉ ላይ ድፍን ብረት፣ ወፍራም ቡሎን ወይም ዳዶ ይደረጋል። እንደ ቀስት ጫፍ ሊሳል ይችላል፣ ወይም የዶሮው ምግብ፣ የፈረሱ ልጓም ይመስላል። ነፋስ አይይዝም፣ ክብደት ግን አለው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንስሳውን ከነፊቱ ቀጭን ዘንግ ጎኑን አስተኝታችሁ በአንድ ቀጭን ፌሮ ላይ አስቀምጡት። ፌሮው ከአፍንጫው በኩል የርዝመቱ ሲሶ ላይ ይሁን። ሁለቱም ጎን እስኪመጣጠን ድረስ ፊት ላይ ክብደት ጨምሩ፣ ቀንሱ። ሚዛኑ ሲቆም መዞሪያው ቱቦ እዚያ ነጥብ ላይ ይበየዳል። በያጁ ይህን የሚያደርገው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ነው፤ ቸኩሎ ከጨረሰው በኋላ ማስተካከል ሁለት ሥራ ነው።

ጣሪያ ላይ ይሻላል ወይስ ግቢ ውስጥ ምሰሶ ላይ?

ለነፋሱ ከፍታው ይሻላል። የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች የነፋስ መለኪያቸውን ገላጣ ቦታ ላይ በ10 ሜትር ከፍታ ነው የሚያቆሙት፤ ከአካባቢው ግንብና ዛፍም የግንቡን ቁመት አሥር እጥፍ ያህል ያርቁታል። መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ይህ አይሟላም። ግን አጥሩንና ማንጎውን አልፎ ቢወጣ ብዙ ይለወጣል። ከአጥር በታች የቆመ ጠቋሚ የሚያሳየው አጥሩ ያዞረውን ነፋስ ነው።

ግቢው ገላጣ ከሆነ እኔ ምሰሶውን እመርጣለሁ። ጣሪያ አይበሳም፣ ለግሪስና ለቀለም መሰላል ብቻ ይበቃል፣ ልጆችም ቀርበው ያዩታል። 3 ሜትር ከፍታ ላለው ቱቦ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ በኮንክሪት ይሞላ። ቱቦው በውኃ ልክ ተለክቶ ቀጥ ማለቱ መረጋገጥ አለበት፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በአራት አቅጣጫ እዩት።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጣሪያው የሁሉም ነዋሪ የጋራ ንብረት ነው፤ ማኅበሩን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ተከራይም አከራዩን ይጠይቅ።

በኃይለኛ ነፋስ አይነቀልም? ጣሪያውስ አያፈስም?

ነፋስ ሲፈጥን ግፊቱ ከፍጥነቱ በላይ ነው የሚጨምረው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቢሆንም በደንብ የሚዞር ጠቋሚ ቀጭን ጎኑን ለነፋሱ ስለሚሰጥ ብዙ አይገፋም። አደገኛው የማይዞረው ነው፤ እንደ ሸራ ይወጠራል።

ጣሪያን የሚጎዳው ግፊቱ ሳይሆን ንዝረቱ ነው። ቆርቆሮው ላይ ብቻ በሚስማር የተመታ ዘንግ ቀን ከሌት እየተነቃነቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ክረምት ሲገባ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ውኃ ታያላችሁ። ስለዚህ ዘንጉ ቆርቆሮውን አልፎ ከሥሩ ካለው እንጨት ወይም ብረት ጋር በቡሎን ይታሰር። ከሁሉም የሚሻለው ጣሪያውን ጨርሶ ሳይነኩ ከቤቱ የጎን ግድግዳ ላይ በሁለት ማቀፊያ አስሮ ከኮልሞው (ከጣሪያው አናት) በላይ ማውጣት ነው።

ሰሜን የት እንደሆነ በትክክል እንዴት ላውቅ?

የስልክ ኮምፓስ ቀላል ነው፤ ግን ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ የብረት በርና መኪና አጠገብ ይዋሻል። ስለዚህ ብረቱ ካለበት ራቅ ብላችሁ ለኩና አቅጣጫውን በሩቅ ያለ ምልክት ላይ ያዙት። «እኩለ ቀን ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» የሚለውን የመማሪያ መጽሐፍ አባባል ግን እዚህ አትመኑት። አዳማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትሆነው ከኛ በስተ ሰሜን ነው። ሰኔ ላይ የቀትር ጥላችሁ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው።

ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ዘዴ አለ። ሜዳ ቦታ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን ምልክት አድርጉ። በገመድ እንጨቱን መሐል አድርጋችሁ በዚያ ጥላ ርዝመት ክብ ሣሉ። ጥላው ወደ ቀትር ያጥራል፣ ከዚያ እንደገና ይረዝማል፤ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ጫፉ ክቡን መልሶ ይነካል። ያንንም ምልክት አድርጉ። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ምዕራብና ምሥራቅ ነው፤ የጠዋቱ ምልክት ምዕራብ፣ የከሰዓቱ ምሥራቅ። እሱን በማዕዘን የሚቆርጠው ሰሜንና ደቡብ ይሆናል።

ለማመሳከር ደግሞ ከተማው ራሱ ይረዳል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ነው። መካ ከአዳማ ቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው ከ2 ዲግሪ ብዙም ሳይበልጥ ነው። ስለዚህ የሰፈራችሁ መስጊድ ቂብላ ትክክል ከሆነ ሰሜንን አገኛችሁ ማለት ነው።

ክንዶቹ ላይ ምን ፊደል ይጻፍ?

በአማርኛ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ከተጻፈ ምሥራቅና ምዕራብ ሁለቱም «ም» ይሆናሉ። በኦሮምኛ ደግሞ ሰሜን ካባ፣ ደቡብ ኪባ ስለሆኑ በላቲን ፊደል ሲጻፉ በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ስለዚህ ወይ «ምሥ» እና «ምዕ» ብላችሁ ጻፉ፣ ወይ ሰሜን ላይ ብቻ ምልክት አድርጉ። አንዱ ከታወቀ ሌሎቹ ይታወቃሉ።

ሌሊት ይጮኻል። ምን ላድርግ?

ሲጢጥ የሚል ከሆነ መዞሪያው ደርቋል። አዳማ አቧራ አይጠፋም፤ አቧራና ግሪስ ሲቀላቀሉ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። አሮጌውን ግሪስ በናፍጣ አጥባችሁ አውጡ፣ አዲስ ቀቡ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ይበቃል። የሚንኳኳ ከሆነ ቡሎን ላልቷል፤ ሮንዴላ ጨምራችሁ አጥብቁ። የሚርገበገብ ከሆነ ላሜራው ሳስቷል፤ ጭራው ላይ ቀጭን ብረት በጀርባው ይበየድበት።

መብረቅ አይስብም? የመብራት ሽቦስ?

መብረቅ ብዙ ጊዜ ከአካባቢው ከፍ ያለውን ነገር ይመታል። ጠቋሚው የቤቱ ከፍተኛ ብረት ከሆነ ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ ሊኖረው ይገባል። ያም ማለት ወፍራም የመዳብ ሽቦ ከዘንጉ ተነስቶ በግድግዳው ውጪ ቀጥ ብሎ ወርዶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይገናኛል። ይህን ሥራ የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው፤ በግምት የሚሠራ አይደለም። ዝናብና ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ምሰሶውንም መንካት አይገባም።

የመብራት ሽቦው ከመብረቁ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በየሰፈሩ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ ሽቦውን የማይደርስበት ርቀት ላይ ይተከል። ስታቆሙት ሁለት ሰው ይያዘው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሥራው ወደ ላይ ማየት ብቻ ይሁን።

የእኔና የጎረቤቴ ጠቋሚ የተለያየ ያሳያሉ። የማን ትክክል ነው?

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ጂ ፕላስ ቤት አጠገብ ነፋሱ ግንቡን ዞሮ ይመጣል፤ ከኋላው ደግሞ ይሽከረከራል። ጠቋሚያችሁ ያለማቋረጥ ክብ እየዞረ ከሆነ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ከፍ አድርጉት ወይም አንሱት። ነፋሱ በጣም ቀላል ሲሆንም አትመኑት። በነፋስ መለኪያ ሠንጠረዥ ጭስ የሚያዘነብል ግን ጠቋሚ የማያዞር ነፋስ ደረጃ 1 ነው። ጠቋሚ የሚዞረው ከደረጃ 2 ጀምሮ፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው፤ ፊታችሁ ላይ ነፋስ ሲሰማችሁ ማለት ነው።

አዳማ ላይ ግን ዳኛ አለን። ከከተማው አጠገብ ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ናቸው። አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች አሉት፣ 51 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ተመረቀ። አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች ይዞ 153 ሜጋ ዋት ነው፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ተርባይን ሁልጊዜ ክንፎቹን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ይህንን የሚነግረው ደግሞ ጀርባው ላይ የተተከለ ትንሽ ነፋስ ጠቋሚ ነው! የናንተ ሳላና ያ ግዙፍ ማማ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። ተርባይኖቹ ሲሽከረከሩ ፊታቸው ወደ የት እንደሆነ እዩ። ኮረብታና ከተማ ትንሽ ልዩነት አላቸው፤ ግን ተርባይኖቹ ወደ ምሥራቅ እያዩ የናንተ ፈረስ ወደ ደቡብ ካየ ችግሩ ፈረሱ ጋ ነው።

ዝናብ እንደሚመጣ ይነግረኛል?

ብቻውን አይነግርም፤ ለሚያስተውል ሰው ግን ፍንጭ ይሰጣል። በበጋ ወደ አገራችን የሚገባው ነፋስ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ አየር ነው። በክረምት እርጥቡ አየር በብዛት ከደቡብ ምዕራብ ይገባል። ስምጥ ሸለቆው ነፋሱን ስለሚያጣምመው አዳማ ላይ በየቀኑ እንደ መጽሐፉ አይሆንም። ስለዚህ ደብተር ያዙ፤ ጠዋትና ማታ አፍንጫው ወደ የት እንደሆነ ጻፉ። ተማሪ ልጅ ካለ ይህን ሥራ ለእሱ ስጡት። አንድ በጋና አንድ ክረምት ካለፈ የግቢያችሁን ጠባይ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ።

የቅርቡን ዝናብ በተመለከተ ግን አንድ ግልጽ ምልክት አለ። ነጎድጓዳማ ደመና ሲዘንብ ከሥሩ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርድና መሬት ላይ ወደ ጎን ይሮጣል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከብዶ ሳለ ጠቋሚያችሁ ድንገት ዞሮ ወደ ጥቁሩ ደመና ካየና ነፋሱ ከቀዘቀዘ፣ ዝናቡ ከዚያ በኩል ቅርብ ነው። የተሰጣውን በርበሬ አስገቡ።